ለዳዶዋ የተባለው ቃል

ሻፊ ብረት ሲፈታ አያወራም። በሮቤ ከተማ የዛገ ብሎን ወይም የተጣበቀ ዳዶ ያስቸገረው ሰው፣ ሁለት ሦስት መካኒክ ታግሎ ያቃተው ሁሉ፣ መጨረሻው እሱ ጋ ነው። ሻፊም ቁልፎቹን ይዞ ኮፋኖው ስር ጭንቅላቱን ይቀብራል፤ ያቺ ዳዶ እስክትላቀቅ ትንፍሽ አይልም። ስትላቀቅም "ወጥታለች" ብሎ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ በቃ። አዲስ ደንበኛ ሲያየው ኩራተኛ ይመስለዋል። የቆዩት ግን ነገሩን ያውቃሉ፤ ቢያነሱበት ቀኑ እንደሚበላሽበትም ስለሚያውቁ አይነካኩትም።

ድሮማ! ድሮ ሻፊ ብረት ሲፈታ ጋራዡ የሠርግ ቤት ነበር የሚመስለው። የጎባ ልጅ ነው፤ ሙያውን የተማረው በደርግ ጊዜ፣ የመንግሥት እርሻ ወርክሾፕ ውስጥ ኮምባይነር ሲፈታና ሲገጥም ነው። እዚያ ያሠለጠኑት ሽማግሌ መካኒክ "ብረት እንደ በቅሎ ነው፤ ካላናገርከው አይታዘዝም" ይሉት ነበር። ሻፊ ምክሩን ሳያላምጥ ዋጠው። ብረት ያባብላል፣ ይለምናል፣ ይሰድባል። "እሺ የኔ እመቤት፣ ትንሽ ብቻ ፈቀቅ በይልኝ" ይላታል ዳዶዋን። እምቢ ስትለው ደግሞ "አንቺ የሰይጣን ቁራጭ! ማን አባቱ ነው እንዲህ ያጠበቀሽ?" እያለ መንገደኛውን ሁሉ ያስቃል። ይህን ሁሉ የሚለው በአማርኛ ነው። ቤቱ ገብቶ ከእናቱም ከሚስቱም ጋር በኦሮምኛ ነው የሚነጋገረው፤ ሙያውን ግን በአማርኛ ስለተማረ ከብረት ጋር ሲሆን ሌላ ቋንቋ አይመጣለትም። መንግሥት ተለውጦ እርሻው ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ አጥሮ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ታፔላውን እንደ ዘመኑ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ፊደል አስጻፈ፤ ዳዶዎቹን ግን በአማርኛ ማባበሉን አልተወም።

ታዲያ ለብረት እንዲያ የሚፈሰው ምላስ ሰው ፊት ሲደርስ ይደርቃል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ነገር ከበድ ሲል፣ ሰው ፊቱን አፍጦ "እህስ?" ሲለው፣ ሻፊ ጫማውን ያያል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ይህን ያለው ሰው ሻፊን ቢያገኘው ኖሮ ተረቱን ያሻሽለው ነበር።

ሚስቱ ዙሀይራ የገሰራ ልጅ ናት። እሷ ደግሞ በተቃራኒው፣ ከልቧ የሚመጣው ሁሉ በአፏ ነው የሚወጣው። ሮቤ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች፤ ስትስቅ ሦስት መደብ አልፎ ይሰማል። ሻፊ ያገባት ለዚያ ሳቋ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ትዳራቸው ስድስት ዓመት ሆነው፤ ልጅ ግን አልመጣም። ይሄ ነገር ሁለቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ በሰላም ይዘውት ይኖሩ ነበር። የሻፊ እናት ግን በየሁለት ሳምንቱ ከጎባ እየመጡ ምራታቸውን ሆዷ ላይ ሆዷ ላይ ያዩዋት ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ነገሩ በዘጠና አራት ዓመተ ምህረት ነው፣ እኚሁ እናት ቁርስ እየበሉ ነገሩን አፈነዱት። "ማሳ እምቢ ካለ ገበሬ መሬት ይቀይራል እንጂ ዘሩን ይዞ አይሞትም። ልጄ እስከ መቼ ነው የሚጠብቀው?" አሉ።

ዙሀይራ የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች። ለአማቷ መልስ አልሰጠችም። ባሏን ነው ያየችው። "አንተስ ምን ትላለህ፣ ሻፊ?"

አንድ ቃል ነበር የሚበቃት። "እማ፣ ተይን" ቢል ይበቃት ነበር። ሻፊ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ፤ የታሰረውን ፈትቶ እንደገና አሰረ። ከዚያ ብድግ ብሎ "ሥራ ረፈደብኝ" ብሎ ወጣ። እናትየው ከኋላው "አየሽ አይደል? ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው" ሲሉ በሩ ላይ ሆኖ ሰምቷቸዋል። መመለስ ይችል ነበር። ዛሬ ሲያስበው ከሁሉ አብልጦ የሚቆጨው ይሄን ይሁን ወይስ በኋላ የመጣውን፣ ራሱም ለይቶ አያውቅም።

ጋራዡ ሲደርስ የጋሼ ወልደጊዮርጊስ ላንድክሩዘር ኮፋኖውን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ጋሼ ወልደጊዮርጊስ የቡታጅራ ሰው ናቸው፤ ሮቤ ሱቅ ከፍተው ከደሎ መና ቡና እየገዙ ያመጣሉ። መኪናዋን የገዟት አዲስ አበባ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ ነው፤ የእሳቸውን የመጀመሪያ ልጅ በዕድሜ ትበልጠዋለች። ኤሲ አላት፤ ኤሲዋ ግን አይሠራም። ይህን ማሠራት ፈልገው ሲመጡ ሰፈሩ በሳቅ ነው የሞተው። ሮቤ ላይ ሰው በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ፣ እሳቸው ብርድ ሊያስገጥሙ!

ከጋራዡ በር ላይ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታው ጉቱ "ጋሼ፣ ብርድ ካማረዎት ሳነቴ ተራራ ላይ ወጥተው መስኮት መክፈት ነው እንጂ ምን ወጪ ያስወጣዎታል?" ብሎ አላገጠባቸው።

"አንተ እዚህ ተቀምጠህ ጎማ ትነፋለህ፤ የሐረናን ጫካ ወርጄ ደሎ መና ስደርስ ላቤ ጫማዬ ውስጥ እንደሚገባ ምን ታውቃለህ?" አሉት ጋሼ ወልደጊዮርጊስ፤ ወፍራም ናቸው፤ እውነታቸውን ነው።

ችግሩ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው ቱቦ መሰንጠቁ ነበር። ሌላ ቱቦ ከአዲስ አበባ ተፈልጎ መጥቷል። አሮጌውን ለማውጣት ግን መጋጠሚያው ላይ ያለችው ዳዶ መፈታት አለባት፤ እሷ ደግሞ ከቱቦው ጋር አንድ ሥጋ ሆናለች። የኤሲ ዳዶ እንደ ጎማ ዳዶ በእግር ረግጠው የሚያዞሯት አይደለችም። ቱቦው አሉሚኒየም ነው፤ ጉልበት ከበዛበት ይጠማዘዝና የደህናውን ወገን ጥርስ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በሁለት ቁልፍ ነው የሚሠራው፤ አንደኛው ያኛውን ወገን እንዳይንቀሳቀስ ጨምድዶ ይይዛል፣ ሁለተኛው ዳዶዋን ያዞራል። ሻፊ የቀረውን ጋዝ አስተንፍሶ፣ ናፍጣ ከፍሬን ዘይት ቀላቅሎ ከትናንት ጀምሮ ጠብ ጠብ ሲያደርግባት ነበር። አሁን በቀስታ ኮት ኮት እያደረገ ቆየ። ከዚያ ለመፍታት መጀመሪያ ትንሽ አጠበቃት። ይህን የማያውቅ መካኒክ ነው ዳዶ የሚሰብር። ፀጉር ታህል ማጥበቅ፣ ፀጉር ታህል መመለስ፣ ዘይት መጨመር፣ እንደገና ማጥበቅ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ አደረገ።

አፉም ሥራ አልፈታም። "በይ እንጂ የኔ ቆንጆ። አውቃለሁ፣ ብዙ ዘመን ነው የተቀመጥሽው። ማንም አልነካሽም። እኔ አልቸኩልብሽም፤ ቀስ ብለሽ ነይ" ይላታል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይቆጣል። የጠዋቱ ነገር አልለቀቀውም ነበርና ቁጣው ከወትሮው በዛ። "እምቢ አልሽ? እንዲህ ተጣብቀሽብኝ ልትኖሪ ነው? ዛሬ አንቺ ወይ እኔ! በቃኝ!"

በዚህ መሀል ዙሀይራ ምሳ ይዛ ትመጣለች። ስታለቅስ አርፍዳ፣ መጨረሻ ላይ "ምን ያድርግ፣ እናቱ ናቸው፤ እናት ፊት ምን ብሎ ይናገር" ብላ ለራሷ ተሟግታለት፣ ሰሀኑን በጨርቅ ቋጥራ ነው የመጣችው። ከአጥሩ በር ላይ ቆመች። የሚታያት የባሏ ጀርባ ብቻ ነው። የመጨረሻውን "በቃኝ!" የሚለውን ሰማች። "ሻፊ" ብላ ጠራችው፤ ድምፅዋ ከማልቀስ ብዛት ሰልሎ ነበር።

ልክ በዚያች ደቂቃ ዳዶዋ "ጢው" አለች። ሁለት ቀን ሙሉ አንገቷን ያደነደነችው ብረት ዞረች። ሻፊ ሚስቱን አልሰማም፤ የሰማው ያንን ድምፅ ነው። ቀና ሳይል፣ ዞር ሳይል፣ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ በደስታ ጮኸ፦

"ፈታሁሽ! ፈታሁሽ!" ከዚያም ደስታው መጠን ሲያጣ፣ ብረት ፊት ተናግሮት የማያውቀው የእናቱ ቋንቋ አመለጠው፤ "ሲ ሂኬ!" አለ።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አማርኛው ዳዶንም ሚስትንም "ፈታ" በሚል በአንዱ ቃል ነው የሚሸኘው። ኦሮምኛውም እንደዚያው ነው፤ "ሂኬ" ያለ ሰው ገመድ ፈትቶ እንደሆነ ትዳር ፈትቶ እንደሆነ ካላዩት አይታወቅም። ዙሀይራ ባሏ ከብረት ጋር እንደሚያወራ አጥታው አይደለም፤ ስንት ጊዜ ስቃበታለች። ሁለቱን "ፈታሁሽ" ለብረት ነው ብላ ልታልፋቸው ትችል ነበር። ሦስተኛው ግን በቤታቸው ቋንቋ መጣ። ሻፊ ብረትን በኦሮምኛ አናግሮ አያውቅም፤ በኦሮምኛ የሚያናግረው እሷን ነው። በዚያ ላይ የጠዋቱ ነገር አለ። በዚያ ላይ ስሙን ከመጥራቷ ነው መልሱ የመጣው። ሦስት ጊዜ፣ በሁለት ቋንቋ፣ ፊቱን እንኳን ሳያዞርላት። ሰሀኑን ከጉቱ ጎማዎች ላይ አስቀመጠችና ሄደች።

ጉቱ ከበሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም አይቷል። መጀመሪያ አልገባውም ነበር። ሲገባው ከተቀመጠበት ዘሎ ገባ። "አንተ! ምን ሆነህ ነው? ሚስትህን እኮ ፈታሃት!"

"ምን?"

"እዚህ ቆማ ነበር! ምሳህን ይዛ! 'ፈታሁሽ ፈታሁሽ' ስትል ሰምታ እያለቀሰች ሄደች!"

ሻፊ ነገሩ ሲገለጥለት ሳቀ። አዎ፣ ሳቀ፤ ሳይደብቅ ነው የሚናገረው። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ጉቱ "ምን ትስቃለህ፣ ጋሪ ይዘህ ተከተላት! ሳይቃጠል በቅጠል!" እያለ ይጎትተዋል። ሻፊ ወደ መኪናው ዞረ። "ቱቦው አፉን ከፍቶ ማደር የለበትም፤ አቧራና እርጥበት ይገባበታል። አዲሱን ልግጠምና እሄዳለሁ" አለ። እውነት ነው፤ የኤሲ ቱቦ ክፍት አይተውም። ግን አፉን በላስቲክ ጠቅልሎ በክር ማሰር ይቻላል። ሻፊ ይህን ከሮቤ መካኒክ ሁሉ አብልጦ ያውቃል። ብቻ እሷ ፊት ቆሞ ምን እንደሚል ስላላወቀ፣ የሚያውቀውን መሥራት መረጠ። አዲሱን ቱቦ አስገብቶ፣ የመጋጠሚያውን ላስቲክ ጎሚኒ ቀይሮ፣ አጥብቆ ሲጨርስ አሥር ሰዓት ሆኗል።

ቤት ሲደርስ የልብስ ሳጥኗ የለም። ጎረቤት "ገሰራ በሚሄደው መኪና ተሳፍራለች" አሉት። እናቱ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ነገሩን ከጎረቤት ሰምተዋል። ሻፊ "ለዳዶ ነው ያልኩት" ሲላቸው እሳቸው እንኳን ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ "ለማንም በለው፣ ቃሉ ወጥቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አላህ ራሱ ከገላገለህ አንተ ምን አገባህ? ዝም በል" አሉት።

ዝም በል መባል ለሻፊ ምን ይከብዳል! ዝም አለ።

በመጀመሪያው ሳምንት "ትመለሳለች" አለ። በሁለተኛው ሳምንት ተቆጣ። "ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራ እኔን አታውቀኝም? ሰው ሚስቱን ኮፋኖ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ ነው የሚፈታው? እሷ ናት የተጠራጠረችኝ፤ ራሷ ትምጣ" ይል ነበር ለጉቱ። በሦስተኛው ሳምንት ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሮቤ ደግሞ ለቀልድ ማን ብሏት! ገበያ ሲወጣ "ሻፊ፣ በሬዬን ልትፈታልኝ ትመጣለህ? ብቻ ሚስቴ ከቤት እስክትወጣ ጠብቅ" ይሉታል። ባሏ መካኒክ የሆነች ሴት ሁሉ "ብረትህን ስትፈታ ስም እየጠራህ ይሁን" እያለች ታስጠነቅቃለች። ሻፊ አፈረ። አሁን ገሰራ መሄድ ማለት የሚስቱ አባትና ሽማግሎች ፊት ተንበርክኮ "ከዳዶ ጋር እያወራሁ ነበር" ማለት ነው። በዓይነ ኅሊናው እያየው ላብ ላብ ይለዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ሥራ በዛ፣ አንድ ጊዜ ቁርጥማት ያዘው።

በወሩ ገደማ የዙሀይራ አባት ኦቦ ቱሉ በአንድ የገሰራ ነጋዴ መልእክት ላኩ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ "ልጄ ምን አጥፍታ ነው? ወይ ና ወይ ቃል ላክ።" ነጋዴው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። እንደዚያን ቀን ያለ መንገድ አላህ ለማን ይከፍታል! "ለእሷ አላልኩም፣ ስህተት ነው፣ ልመጣ ነው በላቸው" ቢል ያ ነጋዴ በማግሥቱ ያደርሰው ነበር። ሻፊ ግን ሰውየውንም አፈረው። እጁን እየጠረገ "ሰላም ነው በላቸው" አለ።

ሰላም ነው! ነጋዴው እንዳለ ወሰደላቸው። ዙሀይራ ይህን ስትሰማ ያኔ ነው ለቅሶዋን ያቆመችው፤ የተፈታች ሴት የምትጠብቀውንም ሦስት ወር ከሮቤ ከወጣችበት ቀን አንስታ መቁጠር ጀመረች።

ሦስቱ ወር አለቀ። አንድ ቀን ጉቱ ጎማ እየለጠፈ ቀና ሳይል "ዙሀይራን አንድ እህል ነጋዴ ጠይቋታል አሉ። ሚስቱ የሞተችበት ነው፤ ጥሩ ሰው ነው ይሉታል" አለ። ሻፊ የያዘው ቁልፍ ከእጁ ወደቀ። ያንን ሁሉ ጊዜ የተከመረው እፍረት፣ ኩራት፣ ጭቃ፣ ቁርጥማት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጠፋ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሳቅ ሌላ ሰው ቤት ሊሄድ ነው።

"እሄዳለሁ። አሁን እሄዳለሁ" አለ።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ ጉቱ። ሆኖም ጎማውን ጥሎ ሼህ መሀመድአወል ቤት ድረስ ሸኘው።

ሼህ መሀመድአወል ሽማግሌ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው። ሻፊ እየተንተባተበ ሲነግራቸው ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። "ቃሉን ስትል ልብህ ውስጥ ሚስትህ ነበረች?"

"ወላሂ አልነበረችም፣ ሼህ። እዚያ መኖሯንም አላወቅኩም።"

"ለብረት ጠላቅ የለም፣ ፍቺ የለም፤ ሚስትህ ሚስትህ ናት" አሉት። ሻፊ እጃቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። "ይህን ለመጠየቅ ሦስት ወር ለምን ፈጀብህ?" አሉት። ሻፊ ጫማውን አየ። ሼኹም ተንፍሰው "በል አብሬህ እሄዳለሁ" አሉ።

የወሰዷቸው ጋሼ ወልደጊዮርጊስ ናቸው። ሰውየው ነገሩ ከኤሲያቸው የመጣ ስለሆነ ሦስት ወር ሙሉ ህሊናቸው ሲቆጠቁጣቸው ከርሟል። መንገድ ላይ ሻፊን ለማጽናናት ብለው "ሥራህን እየው፣ እንዴት እንደሚነፍስ!" ብለው በዚያ ብርድ ኤሲውን ከፈቱት። ሼህ መሀመድአወል ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። "ጌታው፣ ይዝጉልን፤ አማቾቹ ጋ በሕይወት እንድረስ" አሏቸው።

ኦቦ ቱሉ በሰላም ተቀበሏቸው። በኦሮምኛ "ነጋ፣ ነጋ" ብለው ሰላምታ ተለዋውጠው ተቀመጡ። ዙሀይራ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። ሼህ መሀመድአወል ነገሩን ከሥሩ ተረኩት፤ መኪናዋን፣ ዳዶዋን፣ ሁለቱን ቁልፎች፣ "ፈታሁሽ" የተባለው ለማን እንደሆነ። እንዲህ ሲሉ ደመደሙ፤ "ኦቦ ቱሉ፣ ትዳሩ አልፈረሰም። ልጁ የፈታው ብረት ነው።"

ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ያ ሳቅ መጣ። በመጀመሪያ እንደ ሳል ነበር፤ ቀጥሎ አልቻለችም፣ ፈነዳች። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ከስታለች፤ ዓይኖቿ ግን በርተዋል። "ለዳዶ?" አለች። "ለዳዶ ነው ያልከው? ያ ሁሉ ለዳዶ?" እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ኦቦ ቱሉ ሳቁ፣ ጋሼ ወልደጊዮርጊስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሻፊም ሳቀ፤ ከሦስት ወር በኋላ ደረቱ ተከፈተለት። የገብስ ጩኮ በትልቅ ገበታ ቀረበ፤ ቅቤው ከላይ ተንሳፍፏል። ዙሀይራ ራሷ ውሃ ይዛ እያስታጠበች፣ ባሏ ጋ ስትደርስ "አንተ ጅል፤ እኔ እኮ ሞቼ ነበር" አለችው ቀስ ብላ። ሻፊ በዚያች ደቂቃ በሐሳቡ ሚስቱን ይዞ ሮቤ ገብቶ ነበር። ለእናቱ የሚላቸውንም ቃል ጨርሶ አዘጋጅቶ ነበር።

ዙሀይራ ፎጣውን ስታቀብለው፣ ክፋት ሳይኖራት፣ እንዲያው ጨዋታው ጥሟት ጠየቀችው። "ቆይ፣ እኔ እዚያ ቆሜ መስማቴን ታዲያ ማን ነገረህ?"

"ጉቱ።"

"መቼ?"

ሻፊ ፎጣውን ይዞ ቀረ። መዋሸት ይችል ነበር። "ባለፈው ሳምንት" ቢል ማን ያውቅበታል? ጉቱ ወዳጁ ነው፤ ሼኹም ቀኑን አልጠየቁትም። በሕይወቱ ሙሉ መናገር በሚገባው ጊዜ ዝም ያለ ሰው፣ እዚህ ግን ዝም ማለትም መዋሸትም አቃተው። "በዚያው ቀን" አለ። "እንደ ሄድሽ።"

የዙሀይራ ፊት መጀመሪያ አልተለወጠም፤ ያልገባት ነበር የሚመስለው። "በዚያው ቀን" አለች መልሳ። "አባቴ ሰው ሲልክብህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"'ሰላም ነው' ስትልስ?"

"ዙሀይራ፣ አፍሬ ነው። ወላሂ አፍሬ ነው። ሰው ሳቀብኝ። ዛሬ ነገ ስል…"

"እኔ እዚህ ቀን ስቆጥር፣ ያልከው ለእኔ አለመሆኑን እያወቅክ?"

ኦቦ ቱሉ ጣልቃ ገቡ። "ልጄ፣ አብሽሪ። ስህተት ነበር፤ ስህተቱም ተገለጠ። አልሀምዱሊላህ ማለት ነው እንጂ…"

"ስህተቱማ ቀላል ነበር፣ አባባ" አለች ዙሀይራ። ድምፅዋ አልከረረም፤ ያ ነው ሻፊን ይበልጥ ያስፈራው። ወደ እሱ ዞረች። "የዚያን ቀን ለእኔ ብለኸው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እጠላህና ይወጣልኝ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልጥላህ? እናትህ ሲናገሩኝ ዝም አልክ፤ አለቅስ ነበር፣ አላህ ይሰጠናል እያልኩ እጽናና ነበር። ይሄኛውን ግን ማን ያጽናናኛል? ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከሮቤ ገሰራ ሁለት ሰዓት ነው!"

ማንም ጩኮውን አልነካም። ዙሀይራ ወደ ሼህ መሀመድአወል ዞረች። "ሼህ፣ እስካሁን ሚስቱ ነኝ ብለዋል?"

"ነሽ፣ ልጄ" አሉ ሼኹ።

"እንግዲያው ፍታኝ" አለችው ሻፊን። "ዓይኔን እያየህ። አባቴም ሼኹም እየሰሙ።"

"ዙሀይራ፣ አፉ በይኝ፤ እኔ ከአሁን በኋላ…"

"ደግሞ እንዳታዘገየኝ፣ ሻፊ። እባክህ።"

ጋሼ ወልደጊዮርጊስ ተነስተው ወደ ውጭ ወጡ። ሼህ መሀመድአወል "አስቡበት፣ ቀን ይደርበት" ቢሉም ማንም አልሰማቸውም፤ እሷም ዓይኗን አልነቀለችለትም። ሻፊ ያን ጊዜ ነው የገባው፤ ሚስቱ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእሱ የጠየቀችው ነገር ቢኖር ፊቷን አይቶ አንድ ቃል እንዲናገር ነበር፤ አሁንም የምትጠይቀው ያንኑ ነው፣ የመጨረሻዋ ነው፣ ይህን ከከለከላት ደግሞ ምንም ሳይሰጣት ሊለያት ነው። አያት። ሳይጮህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በኦሮምኛ "ሲ ሂኬ" አላት።

እሷም "እሺ" አለች፤ ከእጁ ፎጣውን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች።